ቢዝነስ ክላስ የቱ በረራ ላይ ያዋጣል? ከቦሌ ናሪታ፣ ከናሪታ ሃምቡርግ

ቢዝነስ ክላስ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሻምፓኙና ሰፊው ወንበር ነው። እኔ የምከፍለው ለእንቅልፍ ነው።

ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። ቢሯችን ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር አነስተኛ የቡና ላኪ ድርጅት አለን። ውጭ አገር በደረስኩ ማግስት፣ ገና በጠዋቱ፣ ገዢዎች ፊት ማንኪያ ይዤ እቆማለሁ። ከስኒ ስኒ እየተሻገርኩ እቀምሳለሁ። ስለ እያንዳንዱ እናገራለሁ። ስለ ዋጋም የምንነጋገረው እዚያው ነው። በዚያች ሰዓት ምላሴ ካልሠራ ጉጂና ይርጋጨፌ ድረስ ወርደን የመረጥነው ቡና መና ቀረ ማለት ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ጣዕም አይለይም። ይሄ የሙያችን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ስለዚህ ይህን ጉዞ የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። የት ተኛሁ? በምን ሁኔታ ደረስኩ? ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

መንገዱ ረጅም ነበር። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደ ሴኡሉ ኢንቾን፣ ከኢንቾን ወደ ቶኪዮው ናሪታ። ከቶኪዮ ደግሞ ወደ አውሮፓ፣ ከዚያ የቡና ነጋዴዎች ወደሚበዙባት ሃምቡርግ። መመለሻው በፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢዝነስ ተብሎ ነው የተቆረጠው። በየበረራው ያገኘሁት ነገር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው። እንደኔ ለሥራ የሚሄድ፣ በራሱ ኪስ የሚከፍል ሰው ብሩን የቱ ላይ ማውጣት እንዳለበት አውቆ ይቁረጥ።

ትኬቱን የቆረጥኩት ቸርችል ጎዳና ላይ ካለ ቢሮ ነው። በስልክም ይቻላል። ግን መንገዱ ብዙ ማረፊያ ሲኖረው ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገርን የመሰለ ነገር የለም። ያስተናገደችኝ ልጅ ትዕግሥቷ ደስ ይላል። አንድ በአንድ ጠየቅኳት።

«እህቴ፣ የኢንቾኑ አውሮፕላን ምን ዓይነት ነው?»

«ኤርባስ ኤ350 ነው። ግን አንዳንዴ ይቀየራል፤ ከመሄድዎ ሁለት ቀን በፊት ይደውሉልኝ፣ አይቼ እነግርዎታለሁ።»

ደወልኩ። አይታ ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥም ስልኩን መያዝ ነው።

ዋጋው ከኢኮኖሚው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ድሮም ውድ ነበር። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በብር ሲሰላ ያስደነግጣል። ወንድሜ አልተዋጠለትም። «በዚህ ብር ስንት ፈረሱላ ቡና ይገዛ ነበር?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ስመለስ እሰጥሃለሁ አልኩት።

ጉዞው ሁዳዴ ላይ ነው የዋለው። መንገደኛ ባይጾምም ይፈቀድለታል የሚሉኝ አሉ። እኔ ጾሜን አልገድፍም። ስለዚህ ገና ትኬቱ ሳይታተም የጾም ምግብ አስመዘገብኩ። እዚህ ላይ ጾመኛ የሆነ ሁሉ ይስማኝ። አየር መንገዶች ለልዩ ምግብ የሚጠቀሙባቸው አራት ፊደል ያላቸው መለያዎች አሉ። ለእኛ ጾም የሚሆነው ቪጂኤምኤል (VGML) የሚባለው ነው። ሥጋ የለው፣ ወተት የለው፣ እንቁላል የለው። ቪኤልኤምኤል (VLML) የሚባል ሌላም አለ። እሱ ወተትም እንቁላልም ይፈቅዳል። በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት። «አትክልት ብቻ» ብላችሁ በደፈናው ካስመዘገባችሁ አይብ የተነሰነሰበት ፓስታ ሊመጣላችሁ ይችላል። መለያውን በስሙ ጠርታችሁ አስመዝግቡ። ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት ቀደም ብሎ መሆን አለበት። በየአየር መንገዱም ለየብቻ አረጋግጡ።

ማታ ከሜክሲኮ በመስቀል አደባባይ አድርገን ቦሌ ገባን። ያ ሰዓት መንገዱ ቀለል ይላል። ቢዝነስ ክላስ ምድር ላይ ምን ይሰጣል ካላችሁኝ፣ መጀመሪያ የሚሰጠው ሰልፍ አለመኖሩን ነው። ብዙ ሕዝብ በቤተሰቡ በሚሸኝበት በቦሌ ማታ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሻንጣዬ የናሙና ቡና ስላለበት ከባድ ነው። ያለ ጭቅጭቅ ተመዘነ፣ ታግ ተለጠፈበት፣ ሄደ።

ተርሚናል 2 ያለው የክላውድ ናይን ላውንጅ፣ ማለትም የቢዝነስ ተሳፋሪዎች ማረፊያ ክፍል፣ ሳልበላ የማልወጣበት ቦታ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አውሮፕላኑ የሚነሳው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። እራት አየር ላይ ተነጥፎ፣ ቀርቦ፣ ተነስቶ እስኪያልቅ እኩለ ሌሊት ያልፋል። ጃፓን ከእኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። እኛ እኩለ ሌሊት ላይ እራት ስንበላ ቶኪዮ ነግቶ ሰው ወደ ሥራ እየተነሳ ነው። ያን ሰዓት በመብላት ያሳለፈ ሰው እንቅልፉን አሳልፎ ሰጠ። ስለዚህ ላውንጁ ውስጥ ሽሮና ጎመን በእንጀራ በላሁ፣ ጠገብኩ፣ በቃኝ።

እዚያ ቡና ይፈላል። ረከቦቱ ቀርቦ፣ እጣኑ ጨሶ። የውጭ ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርፃሉ። እኔ ግን የማየው ምጣዱን ነው። የምትቆላው ልጅ እጇ አይቸኩልም። ፍሬውን ሳታሳርር፣ ዘይቱ ገና ፊቱ ላይ ብቅ ሲል አወጣችው። ብዙ ቦታ ከሰል እስኪመስል ይቆላል፣ ከዚያ ምሬቱን በስኳር ይሸፍኑታል። ይሄኛው ያለ ስኳር የሚጠጣ ነበር። አንዲት ስኒ ብቻ ጠጣሁ። ልተኛ ነዋ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በተሳፈርኩበት ኤ350 ላይ ያለው የቢዝነስ ክፍል አቀማመጥ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ነው። በሁለቱም በኩል መስኮት ዳር ጥንድ ወንበር አለ፣ መሀል ላይ ደግሞ ሌላ ጥንድ። ሰው ሁሉ መስኮት ይላል። እኔ መሀሉን ነው የምለው። ምክንያቱ ቀላል ነው። መሀል የተቀመጡት ሁለቱም በየበኩላቸው መተላለፊያ አላቸው። መስኮት ዳር የተቀመጠው ግን ሌሊት ሽንት ቤት ሲያምረው የተኛ ጎረቤቱን እግር መሻገር ግድ ይሆንበታል። መተላለፊያ ዳር ያለውም ሰው በላዩ ላይ ሲሻገር ይነቃል። ጥንድ ሆናችሁ የምትሄዱ ባልና ሚስት ከሆናችሁ መስኮቱ ያምራል። ብቻችሁን ከሆናችሁ መሀሉን ያዙ። ትኬቱን ስቆርጥ ያቺን ልጅ መጀመሪያ የለመንኳት ይሄንኑ ነው።

ወንበሩ ሙሉ ለሙሉ ይዘረጋል። አልጋ ይሆናል። ሆስተሷ መጥታ «ላንጥፍልሽ?» አለችኝ። ቀጭን ፍራሽ ዘረጋች፣ ትራሱን መታ መታ አድርጋ አስተካከለች፣ ብርድ ልብሱን ከእግር በኩል አጠፈችው። እራት እንደማልበላና እንዳትቀሰቅሰኝ ነገርኳት። «ቁርስስ?» አለች። ቁርስ እበላለሁ አልኳት። ቀበቶውን ከብርድ ልብሱ በላይ አሰርኩ። ይሄ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን አውሮፕላኑ ሲንገጫገጭ ቀበቶ ማሰራችሁን ለማየት ብለው እንዳይቀሰቅሷችሁ ታደርጋለች።

ተኛሁ። አረቢያን አቋርጠን፣ ሕንድን አልፈን፣ እኔ የለሁም። በረራው 11 ሰዓት ያህል ነው። አብዛኛውን በእንቅልፍ ጨረስኩት።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ቢያውቀው ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እንደ ኤ350 እና ቦይንግ 787 ያሉት አዳዲስ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለ ቦታ ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ነው የተሠራው። በቀድሞዎቹ አውሮፕላኖች እስከ 2,400 ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ አስቡት። ሌላው ዓለም ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ተራራ ይወጣል። እኛ ከሜክሲኮ ተነስተን አየር ላይ ስንወጣ፣ ለሳንባችን ቁልቁል እንደመውረድ ነው። ራስ ምታቱም ድካሙም በአዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ቀለል ብሎኛል። የአውሮፕላኑን ዓይነት የምጠይቀው ለአልጋው ብቻ ብዬ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787ን እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኤ350ን ደግሞ በ2016 ሲያስገባ በሁለቱም ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ተሳፋሪው በዚህ ቢኮራ ይገባዋል፣ ጥቅሙንም በገዛ አካሉ ያገኘዋል።

የማይቀረው ችግር ድርቀቱ ነው። አየሩ ደረቅ ነው፣ አፍንጫ ይደርቃል። አፍንጫ ሲደርቅ ምላስ ግማሽ ሥራውን አጣ። አየር ላይ ጨውና ስኳር ይደክማሉ፣ ምግቡ አልጫ አልጫ ይላል። ኮምጣጣ ነገርና የሚያቃጥል ነገር ግን ብዙም አይደክሙም። ቁርስ ላይ የቀረበልኝን ስቀምስ ይሄው ገባኝ። እንጀራው ተጠቅልሎ ነው የመጣው፣ ከጎኑ ምስር ወጥ። የእንጀራው ኩምጣጤ እንዳለ ነው። የበርበሬውም ነገር እንዳለ ነው። ጎን ለጎን የቀረበው የፈረንጅ ዳቦና ሰላጣ ግን ምንም አልነገረኝም። አየር ላይ የአገር ቤት ምግብ የሚጣፍጠን በናፍቆት ብቻ አይደለም። ወጡ ራሱ ለዚያ ከፍታ የተፈጠረ ይመስላል።

ውሃ ደጋግሜ ጠጣሁ። ለአፍንጫዬም የጨው ውሃ ጠብታ እይዛለሁ። የሙያ ባልደረቦቼ ሁሉ ቢይዙ እመክራለሁ።

ኢንቾን ከሰዓት በኋላ ደረስን። ወደ ናሪታ የምንቀጥለው የእጅ ሻንጣችንን ይዘን ወረድን፣ ፍተሻ አለፍን፣ ተመልሰን ወደዚያው አውሮፕላን፣ ወደዚያው ወንበር። ውሃ የያዘ ጠርሙስ አብሯችሁ ካለ እዚያ ይቀራል። ከወረዱት በብዛት የሚበልጡ ኮሪያውያንና ጃፓናውያን ተሳፈሩ። አንድ የአገራችን አውሮፕላን በሁለት የእስያ አገሮች መካከል የነሱን ተሳፋሪ ጭኖ ይሄዳል። ይህ መብት በአቪዬሽን ቋንቋ አምስተኛው የአየር ነፃነት ይባላል። አጠገቤ የተቀመጡት ጃፓናዊ አዛውንት ከሴኡል ቶኪዮ ለመመለስ ብቻ የኢትዮጵያን አውሮፕላን መርጠው ነው የተሳፈሩት። ቡናውን ጠይቀው ሁለት ጊዜ አስቀዱ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላም። አልጋውን ማንም አይዘረጋውም። ለብቻው ቢሸጥ ኖሮ ለዚህ ቢዝነስ መክፈል አያስፈልግም። እዚህ ግን ከረጅሙ ጋር ተያይዞ የመጣ ነው።

ናሪታ የደረስነው ምሽት ላይ ነው። ጥሬ የቡና ናሙና የሚይዝ ሰው የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀቱን በእጁ ይያዝ፣ ሻንጣ ውስጥ አይክተተው። ጃፓኖች በዚህ ቀልድ አያውቁም። ወረቀቱ ካለ ግን በጨዋነት አይተው ይሸኟችኋል። ሻንጣዬ ከፊተኞቹ ጋር ነው የወጣው። ሆቴል ገብቼ እንደገና ተኛሁ። ምሽት ላይ መድረሱ ጥሩነቱ ይሄ ነው፤ ሰውነት የአገሩን ሌሊት ወዲያው ይይዛል።

ጠዋት ምላሴ ቦታው ላይ ነበር። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። የታጠበውን ጉጂ ስቀምስ የሎሚ አበባው ወዲያው ነው የመጣልኝ። ያልታጠበው ላይ ደግሞ አንድ ስኒ ውስጥ ጥቂት የመብላላት ጣዕም ነበረበት፣ ከገዢው በፊት ያዝኩት። ቀድሜ ተናገርኩ። እምነት የሚገኘው እንዲህ ሲሆን ነው። በነገራችን ላይ እዚያ ውሃው እስከ 100 ዲግሪ ይፈላና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃሉ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለቅምሻ የሚፈለገውም ከዚያ እምብዛም አይርቅም። ማንቆርቆሪያችን ከእሳት እንደወረደ ይደርሳል። ከፍታችን ለቡና ሥራ የተመቸ ነው።

ለወንድሜ ጥያቄ ግማሹ መልስ እዚህ ነው። ከቦሌ ናሪታ ለቢዝነስ የከፈልነው በዚያች ጠዋት ተመለሰ።

ሁለተኛው ክፍል ሌላ ታሪክ ነው።

ከቶኪዮ ወደ አውሮፓ የሄድኩት በሌላ አየር መንገድ ነው። ስሙን አልጠራም። ከ2022 ወዲህ የጃፓንና የአውሮፓ አየር መንገዶች በሩሲያ ሰማይ አያልፉም። ዞረው ነው የሚሄዱት። በዚህ የተነሳ መንገዱ በሰዓታት ረዝሟል፣ የእኔው ወደ 14 ሰዓት ገደማ ነበር። የተነሳነው በቀን ነው። የምንሄደውም ፀሐይን ተከትለን ወደ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ቀኑ አያልቅም። ሌሊቱን በደንብ ተኝቼ፣ ቁርሴን በልቼ የተሳፈርኩ ሰው ነኝ። አልጋው ተዘርግቷል፣ እንቅልፍ ግን የለም። ግማሽ መኪና በሚገዛ ብር የተገዛ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ካርታ ሳይ ዋልኩ።

አልጋውም የራሱ ችግር ነበረበት። በፎቶ ላይ በጣም ያምራል። እያንዳንዱ ተሳፋሪ ለብቻው ጎጆ አለው፣ መተላለፊያም አለው። ግን እግር የሚገባበት ቦታ ከፊት ባለው ወንበር ሥር የተቆፈረች ጠባብ ጉድጓድ ናት። ሁለት እግር ጎን ለጎን አይዘረጋባትም። በጎኔ ስተኛ ጉልበቴ ግድግዳውን ይነካል፣ ስገላበጥ አውራ ጣቴ ክዳኑን ይመታል። ቁመቴ መካከለኛ ነው። ረጅም ሰው እንዴት እንደሚተኛበት እንጃ። ትኬት ስትቆርጡ አልጋው ጠፍጣፋ መሆኑን ብቻ አትጠይቁ። እግር በኩል ምን ያህል እንደሚሰፋ ከተሳፈሩበት ሰዎች ጠይቁ። በዚህ ዓይነቱ አቀማመጥ ከሁሉ ፊት ያለው ረድፍ ብዙ ጊዜ እግሩ ሰፋ ይላል።

ምግቡ ደግሞ አሳዘነኝ። ቪጂኤምኤል ብዬ አስመዝግቤ፣ ደውዬም አረጋግጬ ነበር። የመጣው ሳህን ላይ አይብ ተነስንሶበታል። ስነግራቸው ትሕትናቸው ወሰን የለውም፣ ይቅርታውም እንዲሁ። የሚበላ ነገር ግን አልነበረም። ፍራፍሬና ኦቾሎኒ ሰጡኝ። ለ14 ሰዓት! ቦርሳዬ ውስጥ ገብስ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነበረኝ፣ እሱን በላሁ። ቆሎ ሳይዙ ጾም መንገድ መውጣት አያስፈልግም፤ የወርቅ ትኬት ቢይዙም። ያን ያህል ብር ያስከፈለ ድርጅት የአንድን ሰው እምነት በአንድ ፊደል ሲያስተው ያናድዳል። ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ።

ደግ የሆነው ነገር ምድር ላይ ነው። አውሮፓ ስንደርስ ትራንዚት ላይ ላውንጅ ገባሁ፣ ገላዬን ታጠብኩ፣ ልብስ ቀየርኩ። ከ14 ሰዓት በኋላ ሙቅ ውሃ ሕይወት ነው። ፎጣው ንጹሕ፣ ውሃው ኃይለኛ ነበር።

ከዚያ ወደ ሃምቡርግ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። በአውሮፓ ውስጥ በሚደረጉ አጫጭር በረራዎች ላይ ቢዝነስ ክላስ የሚባለው ከኢኮኖሚው የተለየ ወንበር የለውም። ያው የኢኮኖሚ ወንበር ነው። የመሀሉን ሰው አያስቀምጡበትም፣ በቃ። ከፊት መጋረጃ ይጋረዳል፣ ትንሽ ምግብ ይቀርባል። ጉልበት የሚገባበት ቦታ ከኋላ ካለው አይለይም። ይሄ የአንድ ድርጅት ጉድለት አይደለም፣ አብዛኞቹ የአውሮፓ አየር መንገዶች እንዲሁ ናቸው። ለእንዲህ ያለ በረራ ተጨማሪ ብር ማውጣት ቡና ላኪ አይሠራውም።

ሃምቡርግ ላይ ሥራው ጥሩ ሄደ። ስለሱ ብዙ አልልም።

መመለሻው ከፍራንክፈርት በማታ ነው። የራሳችን አውሮፕላን በር ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ስባል ትከሻዬ ወረደ። ሰባት ሰዓት ያህል የሚፈጅ የሌሊት በረራ ነው። ንጋት ላይ ቦሌ ያደርሳል። ያን ቀን ሥራ ለሚገባ ሰው አልጋው ያስፈልገዋል።

ከጎኔ ያሉት እናት ልጆቻቸውን ጠይቀው የሚመለሱ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ መቋሚያቸው ወንበሩ ጎን ተሸጉጧል። ቢዝነስ የገዛላቸው ልጃቸው ነው፤ እግራቸው ያብጣል። ወንበሩን ለመዘርጋት የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫኑ ግራ ገብቷቸው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ሆስተሷ መጥታ በርከክ አለች።

«እማማ፣ ላንጥፍልዎት?»

«አይ ልጄ፣ አትድከሚ። እንዲሁ እሆናለሁ።»

«ኧረ እንዲሁማ አይሆኑም! እግርዎት ከፍ ይበል።»

ቀስ አድርጋ ዘረጋችው። ከእግራቸው ሥር ተጨማሪ ትራስ አስገባች። ጫማቸውን አውልቃ የአውሮፕላኑን ካልሲ አጠለቀችላቸው። ቀበቶውን ከነጠላቸው በላይ አሰረችና ቁልፉን በጣታቸው አስነካቻቸው፣ ሌሊት ቢፈልጉት እንዲያገኙት። መረቋት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተኙ፣ እስከ ንጋት አልተንቀሳቀሱም። እንዲህ ያለ መስተንግዶ በየትኛውም አየር መንገድ ማስታወቂያ ላይ አይጻፍም። ወላጅ ለመውሰድ ወይም ለማምጣት ያሰበ ሰው ካለ፣ አንድ በረራ ብቻ ቢዝነስ ልግዛላቸው ካለ፣ የሌሊቱን ይግዛላቸው።

እኔም እራት ትቼ ተኛሁ። ስነቃ ቡናው እየተቀዳ ነበር። ቦሌ ኢሚግሬሽን ሰልፉ ሳይረዝም ወጣሁ። ሻንጣዬ ቶሎ መጣ። ቤት ደርሼ ታጥቤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሳይሆን ቢሮ ነበርኩ። ወንድሜ ናሙና ቆልቶ ይጠብቀኛል። ቀመስን፣ ተስማማን።

ከዚያ ወረቀት አውጥተን የትኬቱን ሂሳብ በየበረራው ከፋፈልነው። ከቦሌ ናሪታ ያወጣነው ብር በሚገባ ወጥቷል። ከፍራንክፈርት ቦሌም ወጥቷል። ከቶኪዮ አውሮፓ የከፈልነው ለማልተኛበት አልጋ ነው። የሃምቡርጉ ደግሞ ለባዶ ወንበር። ወንድሜ «ታዲያ ሁለቱን ብቻ ግዢያ» አለኝ።

ይቻላል። በአንድ ትኬት ላይ ደረጃ መቀላቀል ይፈቀዳል። የሌሊቶቹን ቢዝነስ፣ የቀኖቹን ኢኮኖሚ ማድረግ ማለት ነው። በኢንተርኔት ስትፈልጉ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ቢሮ ሄዳችሁ ስትጠይቁ ግን ይሠሩላችኋል። ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ። የሻንጣው ክብደት ሙሉውን መንገድ በቢዝነሱ ይሆናል ወይስ ኢኮኖሚው ላይ ይቀንሳል? ላውንጅ የመግባት መብቱስ? የስታር አሊያንስ (የአየር መንገዶች ኅብረት) ወርቅ አባልነት ያላችሁ ኢኮኖሚም ሆናችሁ ላውንጁን ታገኛላችሁ። የሼባማይልስ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የደንበኛ ነጥብ ያጠራቀማችሁ ደግሞ ነጥቡን ለአጭር በረራ አታባክኑት። ደረጃ ለማሳደግ ከተጠቀማችሁበት ረጅሙ ሌሊት ላይ ይዋል።

ቸርችል ጎዳና ተመልሼ ሄጄ ያቺኑ ልጅ አገኘኋት። የመስከረሙን የቶኪዮ ጉዞ በዚሁ መልክ ሠራችልኝ። ወንድሜም የመጣውን ዋጋ አይቶ ዝም አለ። መሀለኛውን ወንበር ይዛልኛለች። መስከረም ላይ ረጅም ጾም የለም፤ ግን ማክሰኞ ማታ ስለምነሳ ቁርሱ የሚውለው ረቡዕ ላይ ነው። ቪጂኤምኤሉን ፊደል በፊደል አስነበብኳትና እዚያው አስመዘገብን።